ለሎጋዬ የተሰራ ወንበር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቁንጣሪ አልተጨመረበትም፣ አንዲት ፍሬ አልተቀነሰበትም። ውሸት ከተገኘበት የተናገረው ምላስ እንደ በጋ መሬት ይሰንጠቅ፣ የሰማው ጆሮም ካሳ ይጠይቅ። ከዚህ በላይ መማል ለእውነት ነውር ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃ።

ሰውየው መኪና ሻጭ ነው። መኪና ሻጭ ሲባል ቁልፍ አቀብሎ ፊርማ የሚቀበል ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እሱ ስለ አንድ መኪና ማውራት ሲጀምር ጎን ለጎን የቆሙት ሌሎቹ ይቀናሉ። የስራ ባልደረቦቹ «አጋኖ» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ከመዝገብ እያየች ነው። ካፊያ ከጣለ በአጋኖ ዘንድ ጎርፍ ነው። ጉንፋን ከያዘው ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውበት ተነስቷል። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ የሚሰራው ኮስታራ የሚባለው ጓደኛው፣ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ፈገግ ሳይል እንዲህ ይላል፦ «እሱ የነገራችሁን እዚሁ ለሁለት ክፈሉት። ቤት ስትደርሱ ደግሞ እንደገና ለሁለት ክፈሉት።»

ስለ ራሱ ቁመት አጋኖ ብዙ አይናገርም። ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ሲያወራ ግዙፍ ነው። ሲነሳ ግን የተነሳ አይመስልም።

ከሁሉ አብልጦ የሚያጋንነው ሚስቱን ነው። ሲተዋወቁ እሷ የአንድ ጨርቅ መደብር የእቃ መኪና ትነዳ ነበር። መኪናዋን አቆመችና በሩን ከፈተች። አንድ እግር ወረደ። ቆየት ብሎ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ወገብ መጣ፣ ትከሻ መጣ፣ አንገት መጣ። እሷ ወርዳ እስክትጨርስ አጋኖ ከማዶ ሻይ አዝዞ፣ ጠጥቶ፣ ሂሳብ ከፍሎ፣ መልስ ተቀብሎ ነበር። ተሻግሮ ሄደና አንጋጦ፣

«የት ነው የምትሄጂው?» አላት።

«ጨርቅ ላደርስ።»

«እኔንም አድርሺኝ።»

«የት?»

«ወደ ላይ።»

ሳቀች። ሳቋ ከዚያ ከፍታ ወርዶ እሱ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ፣ ከደረሰ በኋላ ግን አልተመለሰም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎጋዬ ነው የሚላት።

ሰው እድሜ ሲጫነው ጥቂት ያጥራል ይባላል። የአጋኖ ሚስት ግን በአጋኖ አፍ በየዓመቱ ትረዝም ነበር። ሲጋቡ «ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች» ይል ነበር። ሴት ልጃቸው ስትወለድ «በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች» ማለት ጀመረ። ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ ሎጋዬ ሁለት ሜትርን ተሻግራ ነበር። ልጅቷ ስትዳር ደግሞ ከሁለት ሜትሩ በላይ ያለው ትርፍ ብቻውን አንድ ሰው ያክል ነበር። ሎጋዬ መንዳቱን ትታ ከቤታቸው ስር ባለው ክፍል መጋረጃ የምትሰፋ ሆናለች፣ ሜትር ከአንገቷ አይወርድም። ብትፈልግ ይህን ሁሉ ወሬ በአንድ ልኬት ልትዘጋው ትችል ነበር። ግን አንድም ቀን ሜትሩን አላነሳችበትም። «ይበል» ትላለች፣ «ሲያስረዝመኝ አያመኝም።»

የሚያማት ሌላ ነገር ነበር። አጋኖ የሚነዳት መኪና ትንሽ ናት። እሱ መርከብ ይላታል፣ ግን ትንሽ ናት። ሎጋዬ ስትገባ መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ቀጥላ ጭንቅላቷን ታስገባለች፣ በመጨረሻ እግሮቿን እንደ ጥቅልል ጨርቅ እየሰበሰበች አንድ በአንድ ታስገባለች። ጉልበቷ ከዳሽቦርዱ፣ ጭንቅላቷ ከጣራው፣ አንገቷ ዘንበል። የሾፌሩ ወንበር ላይማ ጭራሽ አትገባም፣ መሪው ጭኗ ላይ ይቆማል፣ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግራ ጉልበቷን የምታነሳበት ቦታ የለም። መንዳት የተወችውም ለዚህ ነው። አጋኖ «ተመቸሽ?» ይላታል። እሷም «ተመችቶኛል» ትለዋለች። ሞተር ይነሳል፣ ኑሮ ይቀጥላል።

አንድ ልማድ ብቻ ነበራት። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ «በራ?» ብላ ትጠይቀዋለች። «ምን ያስቸኩልሻል?» ይላል። አረንጓዴው ሲበራ ደግሞ «በራ» ይላታል። ይህን ሲባባሉ ልጃቸው አድጋ አግብታለች።

ባለፈው ዓመት የሎጋዬ ግራ ጉልበት እምቢ አለ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሟ፣ «ጉልበቱ ድኗል። እንደ ድሮው ግን አይታጠፍም፣ እንዳታስገድጂው» አላት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ መርከቢቱ ውስጥ ልትገባ ሞክራ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ወጣች። «አንተ ሂድ» አለችው። እግሯ የማያደርሳት ቦታ ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀረ።

ልጃቸው የምትኖረው የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ወለደች፤ ወንድ ነው፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። ሎጋዬ ህፃኑን በስልክ አየችው። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የስልኩ መስታወት ላይ ዘረጋችና፣ «ረጅም ነው የሚሆነው» አለች። ልጅቷ ሳቀችና «መቼ ትመጫለሽ እማዬ?» ስትላት ግን ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።

«አልመጣም ልጄ። አውቶብሱም ያጥፈኛል፣ የአባትሽም መኪና ያጥፈኛል። አድጎ ይምጣልኝ።»

 በስልኩ ውስጥ የህፃኑ ማቃሰት ብቻ ይሰማል። አጋኖ ዝምታ አይችልም። ስልኩን ከእጇ ወሰደና፣

«አባትሽ ነኝ። በሚመጣው እሁድ እናትሽን አንድ አጥንት ሳላጥፍ፣ እንደ ሻማ ቀጥ አድርጌ አመጣታለሁ» አለ።

«እውነትህን ነው አባዬ?»

«ከእውነትም በላይ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሎጋዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ እኔ ስታወራ ለምጄዋለሁ» አለችው። «ለእሷ ግን አትዋሻት። እሁድ በሩን በሩን ስታይ ነው የምትውለው።»

አጋኖ የመርከቢቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ተመለከተው። 

በማግስቱ ማለዳ ወደ ስራ ከመሄዱ በፊት ከሳሎን ትራስ ሁሉ ሰበሰበ። መርከቢቱን ከፍቶ በእሷ ወንበር ላይ ትራሶቹን ደረደረና ላያቸው ላይ ወጣ። ራሱ ከጣራው ጋር ተገናኘ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ጉልበቱን ለማስጨነቅ ደግሞ አንዱን ትራስ ከዳሽቦርዱ ጋር አጣበቀው። እንዲሁ ተቀመጠ፣ ጎረቤት እያለፈ «ደህና አደርክ» እስኪለው ድረስ። ከዚያ ቁመት ላይ ሆኖ በፊተኛው መስታወት በኩል የሚታየው የመኪናዋ አፍንጫና ሁለት እርምጃ አስፋልት ብቻ ነው። የመንገዱ ማዶ የለም። ሰማይ የለም። የማዕዘኑ የትራፊክ መብራት የለም።

ያኔ ነው የገባው። ችኩል አልነበረችም። መብራቱን አይታው አታውቅም።

አጋኖ ከትራሱ ላይ ወርዶ፣ አንገቱን እያሸ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ሎጋዬ መስፊያ ክፍል ገባ።

«ቁመትሽን ልለካሽ።»

«ለምን?»

«መኪና ላለብስሽ ነው።»

«የማልሄድበትን አልለካም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ችግር የለም፤ የአጋኖ ዓይን ከሜትር ይበልጣል። ግድግዳው ጥግ ከቆሙት የመጋረጃ ዘንጎች ውስጥ አንዱን መረጠ፤ ልክ የሎጋዬን ቁመት፣ ከጠጉር እስከ ተረከዝ፣ በጠጉር ሳይበልጥ በጠጉር ሳያንስ። ተሸክሞት ወደ መሸጫው አዳራሽ ሄደ። ጓሮ ገብቶ ከሦስት ቆርጦ፣ አንዱን ቁራጭ ባት፣ አንዱን ጭን፣ ረጅሙን ወገብና ራስ አድርጎ በገመድ አሰራቸው። ጫፉ ላይ የሎጋዬን ሻሽ ጠመጠመበት። ከዚያ እንግዳዋን አቅፎ በነዳጅም በባትሪም ወደሚሄዱት ሃይብሪዶች ረድፍ ገባ።

ሃይብሪድ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመርከቢቱ ጥበት ሌላ የጠላው ነገር የሞተሯን ድምፅና መንቀጥቀጧን ነበር፤ ሎጋዬን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እያንዳንዱ ንዝረት ጉልበቷን ያማታል። ሃይብሪድ በባትሪ ሲነሳ ድመት ምንጣፍ ላይ ስትራመድ ነው።

ኮስታራ ሻዩን ይዞ መጣ፤ አጋኖ ዘንጉን ቀበቶ ሲያስርለት አየ።

«ማናት?»

«ሚስቴ ናት።»

«ከሳች» አለ ኮስታራ፣ ሻዩን ፉት ብሎ።

የመጀመሪያው መኪና የጣራ መስኮት ነበረው። ሰማይ ያሳያል፣ ግን የመስኮቱ ክፈፍ ጣራውን አራት ጣት ያህል ያወርደዋል፤ የሻሹ ጫፍ ታጠፈ። አጋኖ «ሰማይ ለማየት ራስን መስጠት የለም» ብሎ ዘጋው። በሁለተኛው የኋላ ወንበሩን ሞከረ። ባትሪው ከወንበሩ ስር ተቀብሯልና መቀመጫው ጉብ ብሏል፤ ሻሹ እንደገና ታጠፈ። በሦስተኛው መሃል ላይ ያለው ማርሽ የቆመበት ሳጥን እንደ ደረት ወጥቶ ጉልበቱን ከዳሽቦርዱ ጋር ቆነጠጠው። በዚህ ዓይነት የሞከራቸው መኪኖች ብዛት ቢሰለፉ ከተማውን ዞረው ጭራቸውን ይይዛሉ።

የመጨረሻው አመድማ ነበር። ደንበኛ ሁሉ «ቀለሙ አያምርም» እያለ የሚያልፈው። የጣራ መስኮት የለውም። ማርሹ እንደ ሻይ ማንኪያ ትንሽ ሆኖ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቷል፤ መሃሉ ክፍት፣ ወለሉ ለጥ ያለ ነው። ሻሹ ጣራውን አልነካም። አጋኖ የደስታ እንባ ሊያነባ ሲል ኮስታራ ጎንበስ ብሎ የዘንጉን እግር አየ።

«እግሯ አልተዘረጋም። የጎኑ ወንበር ወደ ኋላ ብዙ አይሄድም፣ ከፍና ዝቅም አይልም። የሾፌሩ ነው ይህ ሁሉ ያለው።» የሾፌሩን ወንበር ማንሻ ስቦ ወደ ኋላ አንሸራተተው፣ ከዚያም ዝቅ አደረገው። «ይኸው። እዚህ ለምን አታስቀምጣትም?»

«መሪውን ማን ይዞ?»

«እሷ።»

«መሪው የእኔ ነው» አለ አጋኖ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ አልተነገረም።

አመድማውን ለመውሰድ መርከቢቱን ሰጠ። ከዚያ በአዳራሹ ጓሮ ወዳለው በያጅ ዘንድ ነዳ። በያጁ ወጣት ነው፣ የመኪና ወንበር ፈትቶ የሚገጥም።

«የጎኑን ወንበር ሐዲድ ወደ ኋላ አስረዝምልኝ» አለው አጋኖ።

«ምን ያህል ጋሼ?»

አጋኖ ዘንጉን አሳየው።

በያጁ ዘንጉን አየ፣ አጋኖን አየ፣ እንደገና ዘንጉን አየ። «ይህን የሚያክሉ ሰው አሉ?»

«ቤቴ ነው ያሉት።»

«እንዲህ ከሄደ እኮ የፊት ወንበር መባሉ ይቀራል ጋሼ። ኋላ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም።»

«ከሎጋዬ ኋላ ማን ይቀመጣል?»

በያጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ሐዲዱን አስረዝሞ፣ በወፋፍራም ብሎን አሰረው። ሲጨርስ ከኋላ ወንበሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ወንፊት በጣቱ አሳየው፤ ባትሪው የሚተነፍስባት ናትና በትራስም በሻንጣም እንዳይደፍናት አስጠነቀቀው። አጋኖ ግን አልሰማውም። ዘንጉን አስቀምጦ ሲያይ ነበር። ባቱ ተዘርግቷል። ጭኑ ተዘርግቷል። ሻሹ ከጣራው በታች ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጋኖ የሻሹን ጫፍ አስተካከለለትና፣ ማንም እንዳይሰማው ቀስ ብሎ «ተመቸሽ?» አለ።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልጎበኘውም፤ ለነገሩ ጀግና ስራ ሲይዝ አይተኛም። እሁድ ማለዳ አመድማውን ደጃፍ ላይ አቆመ። ሎጋዬ የህፃኑን ስጦታ በቦርሳ ይዛ፣ በዱላዋ ተደግፋ ወጣች። ልትሄድ አልነበረም የወጣችው፤ ስጦታውን እንዲያደርስላት ልትሰጠው ነው። አጋኖ በሩን ከፈተ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከፊቱ ሜዳ ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር።

ሎጋዬ ወንበሩን ተመለከተችው። ከዚያ ቦርሳውን ሳትሰጠው ገባች።

መታጠፍ የለ፣ መሰብሰብ የለ፤ ወንዝ ወደ ሜዳ እንደሚገባ እግሮቿ ገቡ። ግራ ጉልበቷ ተዘርግቶ ተኛ። ጭንቅላቷ ከጣራው ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሎ ቀና አለ። «ተመቸሽ?» አላት። ለስንት ዓመት የለመደውን መልስ ሲጠብቅ፣ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው።

አመድማው ሲነሳ ድምፅ አልነበረውም። የጎረቤት ውሻ እንኳ ጆሮውን አላነሳም። ሰፈሩን አልፈው ሲሄዱ ሎጋዬ «እየሄድን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ነበር። የመጀመሪያው መብራት ላይ ሲደርሱ አጋኖ እንደ ልማዱ ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ ቀድማ «በራ» አለችው። የራሷ ዓይን ነው ያየው።

ከከተማ ወጥተው ሜዳው ሲዘረጋ አጋኖ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ፣ ነፋሱን እየቀደመ፣ ከባድ መኪኖች በአክብሮት ዳር እየያዙለት ነዳ። ሎጋዬ ግራ ቀኙን ስታይ፣ ኮረብታ ስትቆጥር፣ ቀስ በቀስ ዓይኗ ተከደነ። አጋኖ መንገዱን በአንድ ዓይን፣ እሷን በሌላው እያየ ሄደ። በመላው ጉዞ የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንገቷ ወደ ጎን ሲወድቅ አይቶ አሳዘነችው፤ ዳር ይዞ፣ ኮቱን አውልቆ አጠፈና ከአንገቷ ስር አስገባላት። ኮት አልባ ሆኖ፣ ብርዱ አጥንቱን እየበላው፣ አንዴም ሳያዛጋ ልጁ ደጃፍ ድረስ አደረሳት። ልጅቷ በሩን በሩን ስታይ ነበር። እናቷ ከመኪናው እንደ ሻማ ቀጥ ብላ ስትወርድ አይታ አለቀሰች፤ አማቹ አለቀሰ፤ ህፃኑ አስቀድሞም እያለቀሰ ነበር።

ይህን ሁሉ አጋኖ የተናገረው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በልጁ ሳሎን፣ ህፃኑን ታቅፎ ነው። ህፃኑም አፉን ከፍቶ ያዳምጠው ነበር። ሻይ ቀዝቅዟል። ልጅቷ ሶፋው ላይ እናቷን ተደግፋ ተቀምጣለች። የሎጋዬ ግራ እግር ልጅቷ ባቀረበችላት በርጩማ ላይ ተዘርግቷል።

አማቹ ጨዋ ልጅ ነው፣ መሃንዲስ ነው። «በጣም ደስ ይላል አባባ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አልደከመዎትም እማማ? ተኝተው መምጣትዎ ጥሩ ነው።»

ሎጋዬ ከአንገቷ ሜትሯን አውርዳ በጣቷ ትጠቀልል ነበር። ቀና ሳትል፣ ድምጿንም ሳታነሳ፣

«አልተኛሁም ልጄ» አለች። «የነዳሁት እኔ ነኝ።»

አጋኖ ህፃኑን አስተካክሎ ታቀፈ።

«ያ ዘንግ የእኔ ቁመት አይደለም፤ ለጎረቤታችን የሳሎን መስኮት የቆረጥኩት ነበር። ከእኔ ብዙ ይረዝማል። አባትሽ ወንበሩን ያሰራው ለመስኮት ነው» አለች ወደ ልጅቷ ዘንበል ብላ። «ስገባ ከእሱ ኋላ ሩቅ ቀረሁ። ቀበቶው አይደርስልኝም። እሱ ከፊት ሲያወራ የጎረቤት ወሬ ነበር የሚመስለኝ፤ እጄን ብዘረጋ ትከሻውን አጣሁት። ‹ውረድ› አልኩት። የሾፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ዝቅም አደረግኩት። ፍሪሲዮን የለውም፤ ግራ እግሬ ስራ የለውም፤ ተዘርግቶ ነው የመጣው። በቃኝ።»

«አባዬስ?» አለች ልጅቷ።

«እሱ የእኔን ወንበር ወሰደ። ‹ቢደክምሽ እቀይርሻለሁ› አለኝ። ከሰፈር ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም ነበር። አንዴ ነቅቶ ‹እየሄድን ነው እንዴ?› አለኝና መልሶ ተኛ። የመጀመሪያው መብራት ሲበራ ‹በራ› አልኩት፤ አልሰማኝም። መብራቶቹን ሁሉ አየኋቸው። እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ።»

አጋኖ የህፃኑን ጠጉር እየነካካ ነበር። «መቆሙ ግን እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ጊዜ ቆመናል።»

«እሱ እውነት ነው» አለች ሎጋዬ። ሜትሩን ጠቅልላ ጨረሰችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ወንበሩ ሰፍቶት እግሩ ወለል አይነካም ነበር። ተንጠልጥሎ ሳየው አሳዘነኝና፣ ዳር ይዤ ቦርሳዬን ከእግሩ ስር አስገባሁለት።»